አሴቶን ከውሃ ይበልጣል እንዴ? የፖላሪቲ ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ አሁኑኑ አንብቡት፣ የሌላችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ ተመለሱበት።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ያስተማርኳት ልጅ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ የሁለት ሠንጠረዥ ፎቶ በውስጥ መስመር ላከችልኝ። ሁለቱም የላቦራቶሪ ፈሳሾችን በፖላሪቲ ቅደም ተከተል የሚደረድሩ ናቸው። አንደኛው አሴቶንን ከውሃ በላይ አስቀምጦታል። ሁለተኛው ላይ ውሃ አናት ላይ ነው፤ አሴቶን ከኤታኖል እንኳ በታች ወርዷል። "ቲቸር፣ የቱ ነው የተሳሳተው?" ትላለች።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ለምን እንደሆነ ለእሷ ብቻ ጽፌ ልተወው አሰብኩ፤ ግን ይሄ ጥያቄ የብዙ ተማሪ፣ እንዲያውም የብዙ መምህር ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ደግሞ ታሪኩ ውስጥ ነው። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ይዤ ሁለተኛ ደረጃ የማስተምር የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ግን ይህን ታሪክ ያወቀ ተማሪ "ፖላር፣ ኖን ፖላር" ብሎ በሁለት ሳጥን ከሸመደደው ተማሪ የተሻለ እንደሚሠራ በክፍል ውስጥ አይቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስሙ ሳይወጣለት

"ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል" የሚለው አባባል ከኤሌክትሮን ይቀድማል። ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኘው በ1897 ነው። ሽቶ ሠሪው፣ ጨርቅ ነካሪውና መድኃኒት ቀማሚው ግን ከዚያ ብዙ ዘመን በፊት ጨው በዘይት እንደማይሟሟ፣ የቅጠል ጠረን በአልኮል እንደሚወጣ በእጃቸው ያውቁ ነበር። እናቶቻችንም ያውቁታል። ነጠላ ላይ ወጥ ሲፈስ በውሃ ብቻ ብታጥቡት ጨዉ ወዲያው ይሄዳል፤ ቅባቱና የበርበሬው ቀለም ግን እዚያው ቁጭ ይላል። ጨዉ የውሃ ወገን ነው፣ የበርበሬው ቀለም የዘይት ወገን።

እንግዲህ ወገን መኖሩ ይታወቅ ነበር። ያልታወቀው ምክንያቱ ነው። ደግሞ በሁለቱ ወገኖች መሀል ያሉትን ማን ይበልጣል ብሎ እንዴት መደርደር እንደሚቻል የሚያውቅ አልነበረም።

2. ቅጠል ያጠበው ሰው

አንዱ ትልቅ እርምጃ የመጣው ከዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ሚካኤል ጽቬት ይባላል። አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ጣሊያናዊት፤ በ1872 ጣሊያን ውስጥ አስቲ በምትባል ከተማ ተወለደ። ይሠራ የነበረው ዋርሶ ነው፤ ያኔ ዋርሶ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች።

ጽቬትን አንድ ነገር ግራ አጋባው። አረንጓዴ ቅጠል ጨቅጭቆ በፔትሮሊየም ኤተር ሲያጥበው ቢጫው ካሮቲን ብቻ ይወጣል። (ፔትሮሊየም ኤተር ስሙ ኤተር ይሁን እንጂ የነዳጅ ዘር ነው፣ ከነጭ ጋዝ የቀለለ፣ ኖን ፖላር።) አረንጓዴው ክሎሮፊል ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ትንሽ አልኮል ጠብ ሲያደርግበት ግን ሁሉም ቀለም ይወጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን "ክሎሮፊል በፔትሮሊየም ኤተር አይሟሟም ማለት ነው" ብሎ ያልፍ ነበር። ጽቬት ግን አንዴ ከቅጠሉ የወጣውን ክሎሮፊል ወስዶ በዚያው በፔትሮሊየም ኤተር ሞከረው። ሟሟ! ስለዚህ ችግሩ መሟሟቱ ላይ አልነበረም፤ ቅጠሉ ክሎሮፊሉን አጥብቆ ይዞት ነው። ጉዳዩ የገመድ ጉተታ ነው ማለት ነው። በአንድ ጫፍ ቅጠሉ ይጎትታል፣ በሌላው ጫፍ አሟሚው፣ ክፍል ውስጥ ሶልቨንት የምንለው፣ ይጎትታል። ፔትሮሊየም ኤተር ጉተታው ደካማ ነው፤ የአልኮል ጉተታ ግን ያሸንፋል።

ይህን ከተረዳ በኋላ ጉተታውን ሆን ብሎ መጠቀም ጀመረ። የመስታወት ቱቦ ውስጥ የተፈጨ ካልሲየም ካርቦኔት ጠቀጠቀ፤ የቅጠሉን ቀለም ከላይ አፈሰሰ፤ አሟሚውን አስከትሎ አወረደ። ዱቄቱ አጥብቆ የያዘው ቀለም ወደ ኋላ ሲቀር ያልያዘው ቀደመ፤ አረንጓዴና ቢጫ ቀለበቶች ተራ በተራ ተለዩ። በ1903 ዋርሶ ውስጥ ለነበረ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ስለዚህ ሥራ ንግግር አደረገ። በ1906 ደግሞ በጀርመንኛ አሳትሞ ዘዴውን ክሮማቶግራፊ አለው፤ ከግሪክ "ቀለም" እና "መጻፍ" ከሚሉ ቃላት። የሚገርመው፣ ጽቬት የሚለው የራሱ የቤተሰብ ስም በሩሲያኛ "ቀለም" ማለት ነው።

ሰው ግን አልሰማውም። በክሎሮፊል ጥናቱ በ1915 ኖቤል ያገኘው ታላቁ ኬሚስት ሪቻርድ ቪልሽቴተር ዘዴውን አላመነበትም። ጽቬት ጦርነትና ሕመም እያሳደዱት በ1919 ቮሮኔዥ ከተማ ውስጥ በ47 ዓመቱ አረፈ። ዘዴውን እነ ሪቻርድ ኩን ሃይደልበርግ ላይ እንደገና ያነሡት በ1931 ነው። ዛሬ የመድኃኒት ፋብሪካውም፣ የምግብ ምርመራውም፣ የስፖርተኞች የአበረታች መድኃኒት ምርመራውም ያለ ክሮማቶግራፊ አይንቀሳቀስም።

ከጽቬት የምንይዘው ይህን ነው፦ አሟሚዎችን ስናወዳድር ሁልጊዜ ሦስተኛ ወገን አለ። ምን ላይ ነው የሚጎትቱት? ከማን እጅ ነው የሚያስለቅቁት?

3. ቁጥር የሰጠው ሰው

ጽቬት ቅደም ተከተሉን በሥራ አሳየ እንጂ ምክንያቱን አልነገረንም። ምክንያቱን ያመጣው ሆላንዳዊው ፒተር ዲባይ ነው፤ ማስትሪክት በ1884 የተወለደው፣ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአንስታይንን ቦታ ተክቶ የነበረው።

በዚያን ጊዜ ሳይንቲስቶች ፈሳሽን በሁለት የብረት ሳህኖች መሀል አድርገው ኤሌክትሪክ በመስጠት ፈሳሹ የኤሌክትሪኩን ጉልበት ምን ያህል እንደሚያዳክም ይለኩ ነበር። ይህ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ይባላል። አንዳንዱ ፈሳሽ ሲሞቅ ቁጥሩ በጣም ይወርዳል፣ አንዳንዱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ለምን?

ዲባይ በ1912 ያቀረበው ሐሳብ ቀላልና የሚያምር ነው። አንዳንድ ሞለኪውሎች ከተፈጥሯቸው አንድ ጫፋቸው ትንሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ትንሽ ኔጋቲቭ ነው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ተሰልፈው ይቆማሉ። ሙቀት ሲጨምር ይበጠበጣሉ፣ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ቁጥሩም ይወርዳል። ከተፈጥሮው ጫፍ የሌለው ሞለኪውል ግን የሚፈርስ ሰልፍ የለውም። ይህ የሁለት ጫፍ መጠን ዳይፖል ሞመንት ተባለ፤ መለኪያው በዲባይ ስም ተጠራ፤ እሱም በ1936 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ።

ዳይፖል ሞመንት የሞለኪውልን ቅርጽ ማየት አስቻለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዜሮ፣ ውሃ 1.85። ሁለቱም ሦስት አቶም ናቸው፤ ግን የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁለቱ ጉተታዎች ይጣፋሉ፣ ውሃ ጎባጣ ስለሆነ አይጣፉም። ካርቦን ቴትራክሎራይድ ዜሮ፣ ክሎሮፎርም 1.04። አንዱን ክሎሪን በሃይድሮጅን መተካት ብቻ ሚዛኑን ያፈርሰዋል። በ1932 ሊነስ ፖሊንግ የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ሠንጠረዡን ሲያወጣ ደግሞ የትኛው አቶም ኤሌክትሮን ወደ ራሱ እንደሚስብ በቁጥር ታወቀ፤ ፍሎሪን ራስ ሆነ። እኛ ክፍል ውስጥ የምናስተምረው በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል። ጠቡ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

4. ሠንጠረዦቹ ሲጣሉ

እስኪ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እንያቸው።

በዳይፖል ሞመንት፦ አሴቶን 2.88፣ ውሃ 1.85፣ ኤታኖል 1.69፣ ክሎሮፎርም 1.04፣ ቶሉይን 0.37 አካባቢ፣ ሄክሴን ዜሮ ሊባል የሚችል።

በዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት፣ በ25 ዲግሪ፦ ውሃ 78፣ ሜታኖል 33፣ ኤታኖል 24፣ አሴቶን 21፣ ኤቲል አሲቴት 6፣ ክሎሮፎርም 4.8፣ ቶሉይን 2.4፣ ሄክሴን 1.9።

አያችሁት አሴቶንን? በመጀመሪያው አንደኛ ነው፣ በሁለተኛው አራተኛ። የልጅቷ ሁለት ሠንጠረዥ እነዚህ ናቸው።

ምክንያቱን በካልኩሌተር ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ቁጥር አንድን ሞለኪውል ብቻውን ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛው ሙሉ ብርጭቆውን ነው። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ወደ 55 ሞል ሞለኪውል አለ፤ አንድ ሊትር አሴቶን ውስጥ ግን ወደ 13.5 ሞል ብቻ። የውሃ ሞለኪውል ትንሽ ስለሆነ በዚያው ቦታ አራት እጥፍ ይታጨቃል። በዚያ ላይ የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ቦንድ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ አንዱ ሲዞር ጎረቤቱንም ያዞራል። አሴቶን የሚቀበልበት ኦክሲጅን አለው፣ የሚሰጠው ሃይድሮጅን ግን የለውም። ነጠላ ጉልበተኛ ከተባበረ ሰፈር ጋር ሲገጥም እንደማለት ነው።

ሁለተኛውም ሠንጠረዥ ቢሆን ጉድ አለበት። ዳይኦክሴን የሚባል አሟሚ አለ። ዳይኤሌክትሪኩ 2.2 ነው፣ ከቶሉይን እንኳ ያንሳል። በዚህ ቁጥር ብቻ ብንሄድ ውሃ ላይ እንደ ዘይት መንሳፈፍ ነበረበት። ዳይኦክሴን ግን ከውሃ ጋር በፈለጋችሁት መጠን ይቀላቀላል! ቀለበቱ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ኦክሲጅኖች አሉት። በኤሌክትሪክ ሲለካ ጉተታቸው ስለሚጣፋ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ውሃ ግን ወደ እያንዳንዱ ኦክሲጅን ቀርቦ የሃይድሮጅን ቦንድ ይሠራል። መሣሪያው ያላየውን ውሃ አየው ማለት ነው።

5. ቀለሙን ጠይቁት

ታዲያ ምን ይሻላል? በ1940 ትራፐ የተባለ ጀርመናዊ አሟሚዎችን በጽቬት ዓይነት ዓምድ ላይ የያዘውን በማስለቀቅ ኃይላቸው ደረደራቸው። ይህ ዝርዝር ተሻሽሎ ዛሬም ክሮማቶግራፊ በሚሠራበት ሁሉ ያገለግላል።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ግን በ1963 ማርቡርግ ላይ የሆነው ነው። ዲምሮትና ሬይካርት የሚባሉ ኬሚስቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ቀለም ሠሩ። ያው አንድ ቀለም በሜታኖል ሲሟሟ ቀይ፣ በኤታኖል ወይን ጠጅ፣ በአሴቶን አረንጓዴ ይሆናል! የቀለሙ ሞለኪውል በጣም ፖላር ነው፤ ብርሃን ሲውጥ ፖላርነቱ ይቀንሳል። ዙሪያውን የከበበው አሟሚ አጥብቆ በደገፈው ቁጥር ያንን ለውጥ ለማድረግ የሚፈልገው ጉልበት ይጨምራል፤ ቀለሙም ይለወጣል። በጽሑፉ ውስጥ 30ኛው ቀለም ስለነበር መለኪያው እስከ ዛሬ ከ30 ቁጥር ጋር ይጠራል።

በዚህ መለኪያ ውሃ 1.00 ሲሰጠው ሜታኖል 0.76፣ ኤታኖል 0.65፣ አሴቶን 0.36፣ ክሎሮፎርም 0.26፣ ኤቲል አሲቴት 0.23፣ ቶሉይን 0.10፣ ሄክሴን 0.01 ነው። እዚህ ደግሞ ክሎሮፎርም ኤቲል አሲቴትን በለጠው፤ በዳይኤሌክትሪክ ተሸንፎ ነበር። ክሎሮፎርም የሚሰጠው ሃይድሮጅን ስላለው ቀለሙ ያንን ወደደለት።

እንግዲህ ሦስት መለኪያ፣ ሦስት ተራ። ውሃና ሄክሴን ጫፍና ጫፍ ላይ በመሆናቸው ማንም ብዙ አይጣላም። ጠቡ መሀል ላይ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው በመሀለኞቹ ነው።

6. የእኛው እንዶድ

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው ነበር። ከዚያ የጀመረው ምርምር ዓለም አወቀው፤ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘላቸው።

እንዶድ ለምን ያጥባል? ውስጡ ሳፖኒን አለ። የሳፖኒን ሞለኪውል በአንድ በኩል ስኳር ነው፣ ውሃ ይወዳል። በሌላ በኩል ሰፊ የካርቦን አካል ነው፣ ቅባት ይወዳል። በዚህ ቅባቱን ይዞ በዚያ ከውሃው ጋር ይሄዳል። እስኪ ንገሩኝ፣ ይህን ሞለኪውል "ፖላር" ወይም "ኖን ፖላር" ከሚሉት ሁለት ሳጥኖች በየትኛው ታስገቡታላችሁ?

አያቶቻችን የሚያወጡት በውሃ ነበር፤ ለልብስ ይበቃል። በውሃ ሲወጣ ግን ሌላው ስኳርም፣ ጨውም፣ ፕሮቲንም አብሮ ይመጣል። በ1972 ዶክተር አክሊሉና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት እንዶዱን በቡታኖል ማውጣት ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉን እንደሚጨምር አሳዩ። ቡታኖል መሀለኛ ነው። ኦኤች አለው፣ የአራት ካርቦን ጅራትም አለው። ከውሃ ጋር ሙሉ በሙሉ አይቀላቀልም፣ ለብቻው ከላይ ይቀመጣል። ሁለት ባሕርይ ላለው ሳፖኒን ተስማሚ ማረፊያ ነው፤ ተራው ስኳርና ጨው ግን ውሃው ውስጥ መቅረትን ይመርጣሉ። ሄክሴን ቢሆን ስኳር የተሸከመውን ሳፖኒን አይቀበለውም ነበር። መሀለኛውን አሟሚ መምረጥ ከልብስ ማጠቢያ ወደ በሽታ መከላከያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ እርምጃ ሆነ ማለት ነው።

7. ለምን ይህን ሁሉ ጻፍኩ

ምክንያቴ ጤናም ነው። በድሮ የላቦራቶሪ መመሪያዎች ውስጥ ኖን ፖላር አሟሚ ሲፈለግ "ካርቦን ቴትራክሎራይድ ጨምር"፣ "ቤንዚን ጨምር" ይላል። (የመኪናውን ነዳጅ አይደለም፤ ስድስት ካርቦን ያለውን ቀለበት ነው። በአማርኛ ስማቸው አንድ መሆኑ ራሱ አደጋ ነው።) ቤንዚን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። ካርቦን ቴትራክሎራይድ ጉበት ይጎዳል፣ ኦዞንንም ስለሚያሳሳ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ሄክሴንም ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት ነርቭ ይጎዳል፤ ስለዚህ በሚቻልበት ቦታ በሄፕቴን ይተካል።

ሁለት ሳጥን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ መተካት አይችልም። መመሪያው ላይ የተጻፈው ከሌለ ሙከራው ይቀራል፣ ካለ ደግሞ አደገኛውን ይቀዳል። ተራውን የሚያውቅ፣ ተራው ለምን እንደሚለዋወጥም የገባው ግን "ይሄ አሟሚ እዚህ ምን እየሠራ ነው? ዝም ብሎ ቅባት ለመያዝ ነው ወይስ ሃይድሮጅን ቦንድ እንዲሠራ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ቅባት ለመያዝ ከሆነ በቤንዚን ፈንታ ቶሉይን ወይም ሄፕቴን ይበቃ ይሆናል። በአገራችን በብዙ ትምህርት ቤት መደርደሪያው ላይ ሦስት አራት ጠርሙስ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ይህ ዕውቀት ለእኛ ከሀብታም ላቦራቶሪ ይልቅ ያስፈልገናል።

መምህራን ወዳጆቼ፣ "የቱ ይበልጥ ፖላር ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁ "በየትኛው መለኪያ?" የሚል ተማሪ ካጋጠማችሁ አትቆጡት። ጥያቄውን ከእናንተ በላይ ገብቶት ሊሆን ይችላል።

ተማሪዎች ደግሞ፣ የጽቬትን ሙከራ ለማየት ዓምድ አያስፈልጋችሁም። የቆስጣ ወይም የጎመን ቅጠል ጨቅጭቁ፣ ትንሽ አልኮል ወይም አሴቶን ጨምሩበት፤ አረንጓዴውን ፈሳሽ በጠፍጣፋ ዕቃ አድርጋችሁ ነጭ ጠመኔ መሀሉ ላይ አቁሙ። ፈሳሹ ጠመኔው ላይ ሲወጣ ቢጫው ከአረንጓዴው ተለይቶ ሲቀድም ታያላችሁ። መስኮት ክፈቱ፣ ክብሪትም ሆነ ምድጃ አጠገቡ እንዳይኖር፤ ሁለቱም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ከዚያ በአልኮል የሠራችሁትንና በአሴቶን የሠራችሁትን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፎቶውን ኮሜንት ላይ ላኩልኝ። የቱ ቀለም በየትኛው የበለጠ እንደሄደ፣ ለምን እንደሆነም አብረን እንከራከርበታለን።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት። መልካም ሳምንት!